የአባቴን መኪና ያጠፋሁበት ሳምንት

ዛሬም ድረስ ሳስበው ደሜን የሚያፈላው አንድ ረቡዕ አለ። በዚያ ረቡዕ የአባቴን መኪና ከነጭነቱ አጠፋሁት። የእውነት መኪና አልነበረም፤ ላፕቶፔ ውስጥ ያለ የጨዋታ መኪና ነው። ለአባቴ ግን የእውነት ነበር፣ ይህንንም ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት። ሰው ሲጠይቀኝ "ኮምፒዩተሩ ተንቀራፎብኝ ነው" እላለሁ፤ ባልኩ ቁጥር ራሴን በጥፊ ማጠናገር ያምረኛል።

አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ ሲጎትቱ ኖረው በመጨረሻ ስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በታች አስቆረጣቸው። ቀኝ እግር ለሾፌር ምን እንደሆነ ለሾፌር ልጅ አይነገራትም፤ ነዳጁም ፍሬኑም በእሱ ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ መንዝ፣ ሞላሌ እኔ ዘንድ አመጣኋቸው። እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባልም ልጅም የለኝም፤ ሁለት ክፍል ቤት አለኝ፤ አንዱን ለእሳቸው ለቀቅሁላቸው።

ገና እንደመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። ምግብ ሳቀርብላቸው "አስቀምጪው" ይላሉ፤ አስተምሬ ስመለስ እንዳስቀመጥኩት አገኘዋለሁ። የንስሐ አባታቸው መጥተው ብዙ መከሯቸው። አባቴ "እሺ አባ" ብለው መስቀል ተሳልመው ፊታቸውን እንደገና አዞሩ። ወር አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። አባቴ እዚያ አልጋ ላይ እንዳሉ ሊያልቁብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

የሒሳብ መምህር የሆነ ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ በፍላሽ አንድ ጨዋታ አመጣልኝ። ጨዋታው ከባድ መኪና መንዳት ነው፤ ጭነት ተቀብሎ ከከተማ ከተማ ማድረስ። የሰባ ዓመት ሰው ጌም ይጫወታል ብዬ ስላላሰብኩ ስቄ ነበር የተቀበልኩት። ቤት ገብቼ አባቴ አልጋ አጠገብ ከፈትኩት። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁን ሰምተው ከግድግዳው ዞሩ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ።

"መኪና ነው፣ አባባ።"

"መኪናነቱንማ ሰማሁ። ናፍጣ ነው። ማን ነው የሚነዳው?"

በሳምንቱ ተነስተው መቀመጥ ጀመሩ። በወሩ ጢማቸውን ተላጩ፣ እንጀራቸውን ጠርገው በሉ፣ ጎረቤት ሲመጣ ማውራት ጀመሩ። "እግር የማይጠይቅ መኪና አገኘሁ" ይሉ ነበር ለመጣው ሁሉ። ከመነሳታቸው በፊት ያማትባሉ። ቀይ መብራት ላይ፣ በመንገዱ ላይ አንድም ነፍስ ሳይኖር፣ ቆመው ይጠብቃሉ። ቁልቁለት ሲደርሱ "ማርሽ ቀንስ፣ ማርሽ ቀንስ፣ ፍሬን አትመን" እያሉ ራሳቸውን ያዝዛሉ። አልፈዋቸው የሚሄዱትን የጨዋታ መኪናዎች ከነነጂዎቻቸው ይራገማሉ። ልጅ ሆኜ አባቴ ቤት የሚኖሩት በወር ሦስት ቀን ስለነበር ሲነዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው በዚያ ጨዋታ ነው። ጎበዝ ነበሩ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ደግ ሆኖ ሳለ እኔም የራሴ ነገር ነበረኝ። ሁለት ክረምት ተመላልሼ የተማርኩት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የቀረው መመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነበር። በሞላሌ ዙሪያ ስለሚዘራው ገብስ ነው የጻፍኩት፤ ማሳ ለማሳ ዞሬ፣ በውርጭ እጄ እየደነዘዘ የሰበሰብኩት መረጃ ሁሉ ያለው በዚያ ላፕቶፕ ነው። አማካሪዬ አንድ ጊዜ ጊዜ አራዝመውልኝ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስጠይቃቸው "ዓርብ። ከዓርብ ካለፈ ለሚቀጥለው ዓመት ነው" ብለው ስልኩን ዘጉት።

አባቴ ደግሞ አንድ ሕግ አላቸው። መንገድ ላይ ጥለው አይወርዱም።

"አባባ፣ እባክዎ ጽሑፌን ልሥራበት።"

"ጭነት ላይ ነኝ።"

"ማቆም ይቻላል እኮ። ይህችን ሲነኩ እንዳለ ይቆማል።"

"እኔ ጭነት ሜዳ ላይ በትኜ የምወርድ ሾፌር አይደለሁም። እደርሳለሁ፣ አራግፋለሁ፣ ከዚያ ትወስጃለሽ።"

እስኪያራግፉ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ነፍሴ ልትወጣ ትደርስ ነበር። አባትን ምን ብለው ይቆጡታል? "እርስዎ" እያልኩ፣ "እባክዎ" እያልኩ፣ ንዴቴን ይዤ ኩሽና እገባና ድስቱን ከክዳኑ አጋጫለሁ። አንድ ቀን የሸክላ ድስት ሰበርኩ። "ምን ወደቀ?" አሉ ከዚያ ማዶ። "ምንም" አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንዲሰሙኝ ነበር የፈለግሁት።

ይባስ ብሎ ላፕቶፑ መንቀራፈፍ ጀመረ። እሳቸው ተጫውተው ሲያስረክቡኝ አንድ ቃል ስጽፍ ፊደሎቹ የሚወጡት ቆይተው ነው። ገጽ ልቀይር ስል ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። ሀንግ ያደርጋል፤ አጠፋዋለሁ፤ እስኪነሳ ድረስ ጥፍሬን እበላለሁ። ከሥሩ ግልገል ያቀፍኩ ይመስል ይሞቃል። ሙቀቱን በመንዝ ብርድ እንደ ጸጋ ነበር የቆጠርኩት።

ለዚያ ዕቃ ምን ያህል እጠነቀቅለት እንደነበር ልናገር። እኛ ዘንድ ውድ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። ሬዲዮ ልብስ ይሰፋለታል፣ ቴሌቪዥን ይሸፈናል፣ ዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ይገባል። እኔም ዘመሮ ገበያ ወርጄ ባና የሚባለውን በበግ ጸጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቼለት ነበር፤ ሸማኔው ለሕፃን ልጅ መስሎት አሳንሶ የሠራውን። አባቴ ሲጫወቱ ያንን ባና አጥፌ ጭናቸው ላይ አነጥፍና ላፕቶፑን በላዩ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ እሳቸው እንዳይበርዳቸው፣ እሱም እንዳያንሸራትት። ሲጨርሱ ክዳኑን እዘጋና በዚያው ባና ጠቅልዬ ሣጥን ላይ አኖረዋለሁ፤ አቧራ እንዳይገባው፣ ውርጭ እንዳያገኘው። ሰው ሲያየኝ "አንቺስ ዕቃ ትይዣለሽ" ይለኝ ነበር።

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ መካሪ ሞልቷል። "ቫይረስ ነው" አለ አንዱ፤ ፍላሽ የነካ ሁሉ ለእሱ ቫይረስ ነው። ሌላዋ "ፎርማት ይደረግ" አለች፤ የእሷን ስልክ ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደርጋ ሦስት ጊዜም የልጆቿን ፎቶ አጥታለች። የስፖርት መምህሩ "ጌም ያለበት ኮምፒዩተር አብቅቶለታል" ብሎ እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ። ሁሉንም ሰማሁ። ቫይረስ መፈለጊያውን ከፍቼ ቀኑን ሙሉ አስፈተሽኩት፤ ምንም አላገኘም። ፎቶዎቼን አጠፋሁ፣ የማልጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች አወጣሁ፣ ቆሻሻ ፋይል የተባለውን ሁሉ ጠረግሁ። የትኛው ፕሮግራም እንደሚያጨናንቀው የሚያሳየውን ዝርዝር ከፍቼ አየሁ፤ ጨዋታው ተዘግቷል፣ የሚሠራ ነገር የለም፣ እሱ ግን ይንቀራፈፋል።

እዚህ ላይ ነው የሚያናድደኝ። ጧት ጧት፣ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሲያድር፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ደኅና ይሠራ ነበር። አይቻለሁ። ከዚያ ይሞቅና ይያዛል። ይህንንም አይቻለሁ። ተማሪዎቼን "ከማስረጃው በፊት ድምዳሜ አትስጡ" እያልኩ ጠመኔ የምጨርስ ሴት ነኝ። እኔ ግን ጥፋተኛ አግኝቼ ነበር፤ ጥፋተኛዬ ደግሞ አልጋ ላይ ተቀምጦ ቁልቁለት ይወርዳል። ማስረጃ ለምን ያስፈልገኛል?

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ መንገድ ላይ ናቸው። ኩሽና ገብቼ ድንች ስልጥ፣ ሲጠሩኝ ሰማሁ።

"ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ" አሉ። "መኪናውን ዳር አስይዣለሁ፣ የአደጋ መብራትም አብርቻለሁ። እንዳይነካ።"

"እሺ፣ አባባ።"

ክራንቻቸውን ይዘው ወጡ። እስኪመለሱ አንድ አንቀጽ ባርም ምን አለበት ብዬ ጽሑፌን ከፈትኩ። ከፍቶ ሳይጨርስ ነጭ ሆነ። ጠበቅሁ። ጭራሽ ደረቀ። ሲመለስልኝ እስከ ትናንት እኩለ ቀን ድረስ የሠራሁት አለ፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ሁለት ገጽ የለም።  ሌላ ምንም አላሰብኩም። ወደ ጨዋታው ሄድኩ፣ ዘጋሁት፣ ከሥሩ ንቀለው አልኩት። የተቀመጠው ጉዞም አብሮ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ለመጥፋት እንኳ ተንቀራፈፈ፤ አረንጓዴዋ መስመር እየተጎተተች ስትሞላ ቁጭ ብዬ አየኋት። የምመለስበት ጊዜ ነበረኝ። አልመለስኩም።

አባቴ ሲመለሱ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ክራንቻቸውን አስደገፉ፣ ባናውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

"አጠፋሁት" አልኩ።

"ምኑን?"

"ጨዋታውን! ኮምፒዩተሬን ገደሉት እኮ! ሁለት ዓመት የለፋሁበት ጽሑፍ ዓይኔ እያየ ጠፋ! ዓርብ ነው የመጨረሻው፣ ዓርብ! ስንቴ ልለምንዎት? ስንቴ?"

እንዲያ ጮኼባቸው አላውቅም ነበር። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። አባቴ ባዶ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ጭነት ላይ ነበርኩ እኮ" አሉ፤ ቀስ ብለው።

ከዚያ ባናውን ከጭናቸው አንስተው አጥፈው ሰጡኝ።

"ዕቃሽን አበላሸሁብሽ" አሉ። "አላወቅሁም። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ።"

አባቴ ይቅርታ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። እናቴን በሕይወት እያለች አልጠየቋትም። ትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃዳቸውን ይዞ ሲያስፈራራቸው እንኳ "አላጠፋሁም" ብለው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆሙ ሰው ናቸው። እኔ ግን እንደ ዳኛ ቀጥ ብዬ ቆሜ "ይሁን" አልኩ። ላፕቶፑን አቅፌ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

በማግስቱ ሐሙስ ጧት ላያቸው ስገባ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነበር። ቂጣውን አጠገባቸው አስቀመጥኩ። "አስቀምጪው" አሉ፤ አስቀምጬው ሳለ።

ላፕቶፑ ግን አልተሻለውም። ጨዋታ የለ፣ ቫይረስ የለ፣ ሩብ ሰዓት ሠርቶ ተጋለና ደረቀ። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ክፍት ስለነበርኩ በባናው እንደተጠቀለለ ይዤ ገበያው መንገድ ላይ ወዳለው ጠጋኝ ሮጥኩ። ዱሮ ሬዲዮ ይጠግን የነበረ፣ አሁን ስልክም ኮምፒዩተርም የሚጠግን ጎልማሳ ሰው ነው። ባናውን ፈታ። የላፕቶፑን ሆድ ከፈተ፣ አየ፣ መነጽሩን አድርጎ እንደገና አየ።

"ቲቸር፣ በግ ታረቢያለሽ?" አለኝ።

"ኧረ አላረባም።"

"እንግዲያው ይኼ ከየት መጣ?"

ወረንጦውን አስገብቶ መጎተት ጀመረ። ጸጉር ነው። የበግ ጸጉር፣ ከአቧራ ጋር ተጠቅጥቆ እንደ ባርኔጣ የጠነከረ። ጎተተ፣ ጎተተ፣ አንድ እፍኝ ሞላ። "የመሸለቻው ጊዜ ደርሶ ነበር" ብሎ ሳቀ። አጠገቡ ቻርጀር ሊገዛ የቆመው ሰውዬም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"ይኼ ፋኑ ነው" አለኝ፣ መሳቁ እንዳልጣመኝ ሲያይ ሳቁን ትቶ። "ከሥር አየር ይስባል፣ በጎን ያወጣል። መሳቢያውን ባና ላይ ካስቀመጥሽው አየር ሳይሆን ጸጉር ይስባል። ይታፈናል። ሲታፈን ይግላል፤ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስትጨርሺስ ምን ታደርጊዋለሽ?"

"እጠቀልለዋለሁ።"

"አጥፍተሽ?"

"ክዳኑን ዘግቼ።"

"ከነትኩሳቱ?" አለና ባናውን ከእኔ አራቀው። "ታዲያ እንኳንም በሕይወት አገኘሁት።"

"ጌም ይጫወቱበት ነበር" አልኩ። ድምፄ ራሱ አስጠላኝ፤ እንደ ልጅ ነበር የሚያሳብቀው።

"ጌም ምን አደረገሽ? ጌም ሲሠራ ይሞቃል፣ የታወቀ ነው። አየር ቢያገኝ ኖሮ ቀኑን ሙሉ ቢጫወቱበት ምንም አይሆንም።"

ጠርጎ፣ የሙቀት ቅባቱን ቀይሮ፣ ገጥሞ ሰጠኝ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ በራ። በረረ ማለት ይሻላል። ፊደሎቹ ከጣቴ ቀድመው የሚወጡ ይመስሉ ነበር። መንገድ ላይ ባናውን በብብቴ ይዤ ስሄድ አንድ ሺህ ስድብ አወረድኩ፤ በባናው፣ በስፖርት መምህሩ፣ "ዕቃ ትይዣለሽ" ባሉኝ ሁሉ። በአባቴም ተናደድኩ። ፖሊስን ቀኑን ሙሉ የተከራከሩ ሰው እኔን ለምን አልተከራከሩኝም? "እኔ አይደለሁም" ቢሉኝ ምን ነበረበት? ያላጠፉትን ጥፋት ተቀብለው ይቅርታ የጠየቁት ቤቱ የእኔ ስለሆነ፣ ዕቃው የእኔ ስለሆነ፣ የምበላው እንጀራ የእሷ ነው ብለው ስላሰቡ እንደሆነ ስረዳ መንገዱ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ የሚሰደብ ሰው የቀረኝ ራሴ ብቻ ነበርኩ።

ታዲያ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው? አልነገርኳቸውም። ይህንን ማንም አያውቅም። ብነግራቸው ጨዋታውን መልሺልኝ ይላሉ፣ ጭነት ላይ ነኝ ይላሉ፣ ዓርብ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ተመልሼ፣ እሳቸው ግድግዳውን እያዩ እኔ ማዶ ክፍል ቁጭ ብዬ ስለ ገብስ ጻፍኩ። ዓርብ ጧት በስልኬ ኢንተርኔት አገናኝቼ ለአማካሪዬ ላክሁት። "ደርሶኛል" አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

ከዚያ የሒሳብ መምህሩን ፍላሹን ለምኜ ጨዋታውን መልሼ ጫንኩ። ትንሿን ጠረጴዛ አባቴ አልጋ አጠገብ አምጥቼ፣ ላፕቶፑን በላዩ አድርጌ ከፈትኩት። ሞተሩ ተነሳ። አልዞሩም።

"አባባ፣ ዕቃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ባናው ነው። ጸጉሩ ገብቶ አፍኖት ነው። ከሥር ያነጠፍኩትም የጠቀለልኩትም እኔ ነኝ። የእርስዎ ጥፋት አልነበረም።"

"መቼ አወቅሽ?" አሉ ለግድግዳው።

"ትናንት።"

"በስንት ሰዓት?"

"አምስት ሰዓት ላይ።"

 ዕድሜያቸውን መንገድ በሰዓት ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

"አሁን ስምንት ሰዓት ነው" አሉ። "ሃያ ሰባት ሰዓት።"

 ተነስተው ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ ያለውን አዩ፤ አዲስ ሾፌር፣ አንዲት አሮጌ መኪና፣ ስም የሚጻፍበት ባዶ ቦታ። ያ ሁሉ የነዱት መንገድ የለም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል በእጃቸው አቆሙኝ።

"ረቡዕ ዕለት ይቅርታ ጠይቄሽ ነበር።"

"አዎ፣ አባባ።"

"'ይሁን' ብለሽ ተቀበልሽኝ።"

"አዎ።"

"ይቅርታዬን መልሺልኝ።"

ያሉት አልገባኝም፤ ወይም እንዳይገባኝ ፈለግሁ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ፣ ይቅርታ" እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ።

"እሱ የአንቺ ነው" አሉ። "እኔ የኔን ነው የጠየቅሁሽ።"

እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። የምመልስላቸውን ፈልጌ ባዶ እጄን አየሁ።